«አይ» ማለት «አዎ» የሆነበት አገር፦ የ5 ቀን የስኮትላንድ ማስታወሻ

ቀን 1፦ አርብ ኅዳር 19፣ ከሊድስ ወደ ኤድንብራ

ጉዞው ሲታሰብ ለቋንቋ አልነበረም። አብሮ አደጌ ኤድንብራ ከገባ 8 አመት ሆኖታል፣ በየአመቱ «መቼ ነው ምትመጣው?» ይለኛል እኔም በየአመቱ «ዘንድሮ አልቀርም» እለዋለሁ፣ ባለፈው ወር ግን ደውሎ «ስማ፣ ኅዳር ጽዮን ዘንድሮ እሁድ ነው ሚውለው፣ ለነሱ ደሞ የቅዱስ እንድርያስ ቀን ነው፣ የዛኑ ቀን ስኮትስ የሚባለው ቋንቋቸው በህግ ኦፊሴላዊ ይሆናል፣ አንተ የቋንቋ ነገር ከተነሳ እንቅልፍ የለህም፣ ና በቃ» አለኝ። ትኬት ቆረጥኩ።

እውነቱን ልናገርና እንግሊዝ አገር 11 አመት ኖሬ ስኮትስ የሚባል ቋንቋ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። የስኮትላንድ ሰው ሲያወራ ሚከብደኝ አክሰንቱ ነው ብዬ ነበር ማልፈው።

ባቡሩ ኒውካስል ላይ ወደ አንድ ሰአት ገደማ ገተረን፣ ለምን እንደሆነ የነገረን ሰው የለም፣ እሱን እንተወው። ከኒውካስል በኋላ ባህሩ በቀኝ በኩል ይመጣል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ በጎች ይግጣሉ፣ አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ተቀምጠዋል፣ ሹራብ ይሰራሉ። ቤሪክን አልፈን ድንበሩን እንደተሻገርን ቀና ብለው «ዬር ጎን ሄም፣ ሰን?» አሉኝ። አልገባኝም። ይቅርታ ስላቸው ፈገግ አሉና በጣም በጠራ እንግሊዝኛ፣ የዜና አንባቢ በሚመስል ድምጽ፣ ወደ ቤትህ ነው ወይ ምትሄደው ብለው ደገሙልኝ። እንደ ድሮ ሬዲዮ ቁልፏን ጠምዘዝ አድርገው ጣቢያ ቀየሩ በቃ። ያቺን ጠምዘዝ ልብ በሉልኝ፣ አምስቱን ቀን ሙሉ ያየኋት እሷን ነው።

ኤድንብራ ዌቨርሊ ጣቢያ ስንደርስ የጣቢያው ስም በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። «እንዴ፣ እሁድ አልነበር እንዴ ሚጀምረው?» አልኩት ጓደኛዬን። ሳቀብኝ። «እሱ ጌሊክ ነው፣ ስኮትስ አይደለም» አለኝ። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር። ጌሊክ የአይሪሽ ዘመድ ነው፣ የተራራውና የደሴቶቹ ቋንቋ። ስኮትስ ደሞ ከጥንቱ የሰሜን እንግሊዝኛ የመጣ የቆላው ቋንቋ ነው፣ ማለትም የእንግሊዝኛ እህት። ልኩን ባይሆንም ጌሊክ ለእንግሊዝኛ ኦሮምኛ ለአማርኛ እንደሆነው ነው፣ ስኮትስ ደሞ እንደ ጉራጊኛ፣ ምናልባትም ከዛ የቀረበ። በ2022 ቆጠራ (አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው) ጌሊክ እናገራለሁ ያለው ወደ 70 ሺህ ሰው ነው፣ ስኮትስ እናገራለሁ ያለው 1.5 ሚሊዮን። ታዲያ ጣቢያው ላይ የተጻፈው የቱ ነው? የ70 ሺው። ከ2008 ጀምሮ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያም አለው። የ1.5 ሚሊዮኑ የለውም። ይሄ ነገር ማታ ሙሉ አልለቀቀኝም።

ቀን 2፦ ቅዳሜ ኅዳር 20፣ ኤድንብራ

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ምንም አይታይም፣ ጉም፣ ካፊያ፣ ብርድ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጓደኛዬ «ድሪኽ» አለኝ። የዛሬን አይነት ቀን ሚጠሩበት ቃል ነው፣ ጨፍጋጋና እርጥብ ነገር። የሚገርመው መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኽ» ናት። ሊድስ ያሉ የስራ ጓደኞቼ «ሎኽ» (ሐይቅ) ማለት አቅቷቸው «ሎክ» ነው ሚሉት፣ እኛ ግን ፊደሉ ራሱ አለን። የእናቴ ጉራጊኛ ደሞ በዚች ድምጽ የተሞላ ነው፣ ልጅ ሆኜ መርካቶ ውስጥ ከሰው ፊት ጮክ ብላ ስታወራኝ ያቺ «ኽ» ነበረች ምታሳፍረኝ። ሰው እንዳይሰማን ፈጠን ብዬ በአማርኛ ነበር ምመልስላት። አሁን ኤድንብራ መስኮት ላይ ቆሜ «ድሪኽ፣ ድሪኽ» እላለሁ።

ሮያል ማይል የሚባለውን ቁልቁለት በእግር ወረድነው። ሱቁ ሁሉ ስኮትስ ነው! ኩባያው ላይ፣ ፎጣው ላይ፣ ካልሲው ላይ፣ ማግኔቱ ላይ፣ «ብሮ» (ግሩም)፣ «ቦኒ» (ቆንጆ)፣ «ዊ» (ትንሽ)። ቆም ብዬ ፈልጌአለሁ፣ ባንክ በር ላይ የለም፣ ፖስታ ቤት የለም፣ የመንገድ ምልክት ላይ የለም። ቱሪስት ገዝቶት ሚሄደው ነገር ላይ ብቻ።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ፓርላማው አለ። ህንጻውን የነደፈው ኤንሪክ ሚራዬስ የሚባል የካታላን አርክቴክት ነው፣ ሳያልቅ በ2000 ሞተ፣ ህንጻው በ2004 ተከፈተ፣ ወጪው 400 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ህዝቡን አንጨርጭሯል። በመንገዱ በኩል ባለው ግንብ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በጌሊክና በስኮትስ የተቀረጹ ጥቅሶች አሉ። አንዷ ከ200 አመት በፊት በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ሴትዮ የተናገረችው ነው፣ ጓደኛዬ እየተረጎመ አነበበልኝ። ንጉስና የፓርላማ ሰዎች የራሳችን በነበሩ ጊዜ ጨዋ ልጆች ካልሆኑ ድንጋይ እንወረውርባቸው ነበር፣ አሁን ግን ሎንዶን ድረስ ጥፍሩ ሚደርስ ማን አለ ነው ምትለው። ሳቄ መጣ፣ ፓርላማ ግንብ ላይ «ፓርላማውን በድንጋይ» ብሎ መጻፍ! ግን የቋንቋው ታሪክ በሙሉ እዛች ውስጥ አለ።

ምክንያቱም ስኮትስ አንድ ጊዜ ልሳነ ንጉሥ ነበር። እኛ ይሄን ቃል እናውቀዋለን፣ አማርኛ ለምን አማርኛ እንደሆነ ማንም ያውቃል። በ1400ዎቹ የስኮትላንድ ፓርላማ ህጉን ሚጽፈው በስኮትስ ነበር፣ ግጥሙ፣ ዜና መዋዕሉ፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት በሱ ነው። ከዛ በ1560 ሃይማኖታቸውን ሲያድሱ ህዝቡ እጅ የገባው መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆነ፣ በ1603 ንጉሳቸው ጄምስ የእንግሊዝን ዙፋን ወርሶ ግቢውን ይዞ ሎንዶን ገባ፣ በ1707 ፓርላማው ራሱ ተዘጋ (ያሁኑ ኋላ የመጣ ነው)። በመቶ ሃምሳ አመት ውስጥ መቅደሱንም፣ ቤተ መንግስቱንም፣ ሸንጎውንም አጣ። የቀረለት ኩሽናውና ሜዳው ነው፣ እና ገጣሚው ሮበርት በርንስ፣ እሱም ባይኖር ምን ይውጠው ነበር እኔጃ። ሰው «የተበላሸ እንግሊዝኛ» ማለት ጀመረ፣ እንግሊዝኛው ቤተ መንግስት ስላለው ነዋ።

ከሰአት ወደ ፕሪንስስ ስትሪት ጫፍ ሄድን፣ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ጋ። ይሄን ማየት የኔ ጥያቄ ነበር። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦቶች አንዱ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲቀመጥ ኖሮ ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ ተመልሷል፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው የመለሱት። የጽዮን ዋዜማ ላይ እዛ መቆሜ አስቤበት አልነበረም። ትንሽ ቆምን፣ ተሳለምን፣ ዝናቡ ሲበረታ ሮጥን።

ማታ በኢንተርኔት ያለውን ነገር ስንጎረጉር ጓደኛዬ የ2020ውን ቅሌት ነገረኝ። የስኮትስ ዊኪፒዲያ ላይ ከ20 ሺህ በላይ ጽሁፍ የጻፈው ስኮትስ ማይችል አንድ አሜሪካዊ ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሁፍ ወስዶ ቃል በቃል እየቀየረ ነበር። የጀመረው ገና ታዳጊ እያለ ነው፣ በክፋትም አይመስለኝም፣ ግን አመታት ሙሉ ማንም «ይሄ እኮ ቋንቋችን አይደለም» ብሎ አላስቆመውም። ማንበብና መጻፉን ትምህርት ቤት ያላስተማርከው ህዝብ ምኑን ያርማል? የራሱን ቋንቋ ተጽፎ ሲያየው እንግዳ ነው።

ቀን 3፦ እሁድ ኅዳር 21፣ ኤድንብራ

ጽዮን። ጠዋት ከአክሱም ሚተላለፈውን በስልክ ከፍተን ቡና ተፈላ፣ እጣኑም ጨሰ፣ የጭስ አላርሙም ጮኸ፣ እንደ ደንቡ።

የጓደኛዬ ልጅ 9 አመቷ ነው። ከአባቷ ጋር አማርኛ ታወራለች፣ ከእኔ ጋር እንግሊዝኛ፣ ጎረቤት ካለችው ጓደኛዋ ጋር ደሞ ሌላ። «ቡና ትጠጫለሽ?» ብዬ ስቀልድባት «አይ!» አለች። እሺ ብዬ ተውኳት። አኮረፈች። ለካ በስኮትስ «አይ» ማለት «አዎ» ነው! ቤቱ ውስጥ በቀን አስር ጊዜ ሚያጣላቸው ይቺ ቃል ናት አለኝ አባትየው፣ «ሰራሽ?» «አይ!» «አልሰራሽም?» «ሰራሁ አልኩህ እኮ!»

ትምህርት ቤት ስኮትስ ትማራላችሁ ወይ ብዬ ጠየኳት። በጃንዋሪ አለች። ጃንዋሪ 25 የበርንስ ልደት ስለሆነ ልጆቹ ግጥም ሸምድደው ይወዳደራሉ፣ አምና ሰርተፍኬት ተሸልማ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። በፌብሩዋሪስ? በፌብሩዋሪማ «አይ ኬን» (አውቃለሁ ማለት ነው) ስትል አስተማሪዋ ታርማታለች። አንድ ወር ሽልማት፣ አስራ አንድ ወር እርማት። ለነገሩ ልጅቷ ምንም አልመሰላትም፣ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት።

ከምሳ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ገባን፣ ህጉ። የስኮትላንድ ቋንቋዎች ህግ ይባላል። በ2023 መጨረሻ ለፓርላማ ቀረበ፣ ጁን 17 2025 ጸደቀ፣ ተቃውሞ የሰጠ አባል የለም፣ እኔን የገረመኝም እሱ ነው፣ በነጻነት (ከብሪታንያ በመገንጠል) ጉዳይ አይን ለአይን ማይተያዩ ፓርቲዎች ናቸው። በመጨረሻው ዙር ህጉን የያዙት በጊዜው ምክትል ፈርስት ሚኒስትር (የስኮትላንድ መንግስት ምክትል መሪ) የነበሩት ኬት ፎርብስ ናቸው፣ እሳቸው የጌሊክ ተናጋሪ ናቸው። ጌሊክና ስኮትስ ሁለቱም ዛሬ ኦፊሴላዊ ሆኑ፣ መንግስት ለስኮትስ ስትራቴጂ የማውጣት ግዴታ አለበት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስላለው ቦታም መመሪያ ማውጣት ይችላል። እስካሁን የነበረው ምንድነው ካላችሁ፣ ብሪታንያ በ2001 የአውሮፓን የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር ስታጸድቅ ለጌሊክ ዝርዝር ግዴታ ያለበትን ክፍል ሰጠች፣ ለስኮትስ ግን አጠቃላይ መልካም ቃል ብቻ ያለበትን። ጌሊክ በ2005ቱ ህግ የቆመ ቦርድ አለው፣ ስኮትስ ዛሬም የለውም፣ አዲሱ ህግም አላቋቋመለትም።

ጓደኛዬ አልተደነቀም። «ወረቀት ነው» አለ፣ «እኛም እኮ ህገ መንግስታችን አንቀጽ 5 ላይ ሁሉም ቋንቋ በእኩልነት እውቅና አለው ይላል፣ የናትህ ጉራጊኛ ምን አገኘ?» ዝም አልኩ። ልክ ነው፣ ግን ደሞ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ለምን መሰላችሁ፣ እዚህ አገር በህዝብ ቆጠራ ላይ ስኮትስ ትናገራለህ ወይ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው በ2011 ነው። እስከዛ ድረስ ስንት ናቸው ብትል መልስ የለም፣ ቁጥር የሌለው ህዝብ ደሞ በጀት ሲጠይቅ ምን ይዞ ነው ሚጠይቀው? አንድ ጥያቄ ፎርሙ ላይ ሲገባ 1.5 ሚሊዮን ሰው «አዎ» አለ፣ ያን ጥያቄ ያስገባው ደሞ ገጣሚ አይደለም፣ ፖለቲካ ነው። ባለፉት ቆጠራዎች ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ «እኔ ማወራው እኮ ስላንግ ነው» ብሎ ነው ሚያስበው። እናቴም ብትጠየቅ «አማርኛ» ትል ነበር መሰለኝ።

የሚያፌዝም አለ። የፓርላማ አባል በስኮትስ ንግግር ሲያደርግ ወይ በስኮትስ ፖስት ሲያደርግ ኮሜንቱ በስድብ ይሞላል፣ የነጻነት ፈላጊዎቹ ፕሮፓጋንዳ ነው ይሉታል። ቋንቋው የአንድ ፓርቲ ባንዲራ ተደርጎ ከተቆጠረ ያ ፓርቲ የወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ፣ በሜይ 2026 ደሞ ምርጫ ይጠብቃቸው ነበር። ለዚህ ነው ያለ ተቃውሞ ማለፉ ከህጉ ይዘት በላይ ሚያጽናናኝ።

ማታ ከተማው ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ሙዚቃ አለ። አንድ ባር ውስጥ ገብተን አስተናጋጁን «ቋንቋህ ዛሬ ኦፊሴላዊ ሆነ፣ እንኳን ደስ አለህ» አልነው። «የቱ ቋንቋዬ?» አለ።

ቀን 4፦ ሰኞ ኅዳር 22፣ አበርዲን

ብቻዬን ነኝ፣ ጓደኛዬ ስራ ገብቷል። ባቡሩ የፎርዝን ቀይ የብረት ድልድይ ተሻገረ፣ የ1890 ስራ፣ ከዛ የቴይን ድልድይ፣ ከዛ ዳንዲ፣ ከዛ ባህር ባህር ባህር። አበርዲን በሙሉ በግራናይት የተሰራች ግራጫ ከተማ ናት፣ ስትዘንብ ከተማዋና ሰማዩ አይለዩም።

አውቶቡስ ስገባ ሹፌሩ «ፊት ላይክ?» አለኝ። ፊቴን ላይክ አደረገው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ! ለካ እንዴት ነህ ማለት ነው። እዚህ ያለው የስኮትስ አይነት ዶሪክ ይባላል፣ እንግሊዝኛው በ«ው» ሚጀምረውን መጠየቂያ እነሱ በ«ፍ» ይሉታል፣ «ፊት» ምን፣ «ፋር» የት፣ «ፋን» መቼ። ሌላም ሰላምታ አላቸው፣ «ፉስ ዬር ዱስ?» ትርጉሙ እርግቦችህ እንዴት ናቸው ነው፣ መልሱ «አይ ፔኪን» ነው፣ እየለቀሙ ነው። የኛን «ከብቱ፣ አዝመራው፣ ቤተሰቡ ደህና?» አስታወሰኝ።

ዳቦ ቤት ገብቼ ራዊ የሚሉትን ጨው ያለው በቅቤና በስብ የተሰራ ጠፍጣፋ ዳቦ እየበላሁ (ሁለተኛ አልበላም፣ ልብ ያቆማል) አጠገቤ ከተቀመጡ ሽማግሌ ጋር ወሬ ጀመርን። መጀመሪያ ያቺን ሬዲዮ ጠምዘዝ አድርገው በእንግሊዝኛ አወሩኝ፣ ከሻጯ ጋር ግን በዶሪክ። ለምንድነው ከእኔ ጋር ምትቀይሩት አልኳቸው። ሳቁ፣ ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉና በግራ እጃቸው መታ መታ አደረጉት። ልጅ ሆነው አስተማሪያቸውን «የስ» በማለት ፈንታ «አይ» ብለው የተቀበሉት ቅጣት ነው። ቅጣቱ ሚፈጸምበት ጠፍር አለንጋ ነበር፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ፋይፍ ውስጥ ሎኽጌሊ የምትባል ከተማ በስራው ታውቃለች፣ በመንግስት ትምህርት ቤት መግረፍ የተከለከለው በ1987 ነው። እንግዳ ሰው ሲያናግራቸው እጃቸው ቀድሞ ያስታውሳል መሰለኝ፣ አላሉም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ከ2014 ጀምሮ ተማሪዎች በስኮትስ ቋንቋ ሰርተፍኬት መውሰድ ይችላሉ ብዬ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፣ ህጉንም። ሰምተዋል። «ለኔ ረፍዷል» አሉ፣ ከዛ የልጅ ልጃቸው መልእክት ምትጽፍላቸው በዶሪክ እንደሆነ ነግረውኝ ስልካቸውን አሳዩኝ። ስፔሊንጉ በየመስመሩ ይለያያል፣ ማንም አላስተማራትማ፣ በጆሮዋ ነው ምትጽፈው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝና የዳቦ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን እንዳለች አልገባኝም፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቀን 5፦ ማክሰኞ ኅዳር 23፣ ግላስጎ፣ ከዛ ወደ ቤት

ከአበርዲን በፐርዝና በስተርሊንግ አድርጎ ግላስጎ ወደ ሶስት ሰአት ነው፣ አብዛኛውን ተኛሁ።

ግላስጎ ያገኘኋት የአክስቴ ልጅ አረጋውያን ቤት ለቤት ትንከባከባለች። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ጥሩ ነጥብ አምጥታ ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ሳምንቷን ስትነግረኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። አንዲት ሴትዮ «ዘ ዌን ኢዝ ግሪቲን» ሲሏት ህጻኑ ሰላም እያለ ነው ብላ እጇን አውለበለበች፣ ለካ እያለቀሰ ነው ማለት ነው። «መሴጅስ» አምጪልኝ ሲሏት ስልካቸውን አመጣች፣ አስቤዛ ነው የፈለጉት። ኋላ ግን ሳቁን ተወችና «ቀልድ አይደለም እኮ» አለች። አንድ ሽማግሌ «ኦክስተሬን አመመኝ» ብለው ሲደጋግሙ ብብታቸው መሆኑን ሳታውቅ ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ስትነካ ዋለች። «ፒሊ ዋሊ» ሲሉ ፊቴ ገርጥቷል፣ ጤና የለኝም ማለታቸው ነው። እየታመሙ ሲሄዱ ሬዲዮዋን መቀየር ያቅታቸዋል አለች፣ በልጅነታቸው ቋንቋ ብቻ ነው ሚቀሩት፣ ስለዚ አሁን ደብተር አላት፣ ቃሉ በግራ፣ አማርኛው በቀኝ፣ አዲስ ለሚቀጠሩት ሐበሾችም ፎቶ አንስታ ትልካለች። የትኛውም ስልጠና ላይ አልነገሩኝም አለች። የስኮትስ ስትራቴጂ ሚጽፉት ሰዎች እሷን ጠርተው ቢያናግሩ ጥሩ ነበር፣ ማን ይነግራቸዋል።

ማታ ባቡር ውስጥ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ» ከማለቴ በፊት ሰላምታውን በጉራጊኛ ጀመርኩት፣ እየተኮላተፍኩ። ዝም አለች። ከዛ በአማርኛ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

ለካ በዛ ቋንቋ ሚደወልላት መርዶ ሲኖር ብቻ ነው፣ ከአገር ቤት። ማንም አልሞተም፣ ደህና ነኝ፣ እንዲሁ ነው ብዬ ሶስት ጊዜ ማልኩላት። ተነፈሰች። «በላህ?» አለችኝ፣ አሁንም በአማርኛ። እንደገና በጉራጊኛ መለስኩላት። ሳቀችና አረመችኝ፣ ደገምኩት፣ እንደገና አረመችኝ፣ በሶስተኛው ላይ ኔትወርኩ ጠፋ።